ሰነፏ ድስት

ድምፁን የሰማሁት ገና በሩ ጋ ሳልደርስ ነው። ድው… ድው ድው… ድው። ሰው ቧንቧ በመዶሻ የሚቀጠቅጥ ይመስላል፤ የሚቀጠቅጥ ሰው ግን የለም። ባለፈው ጥር ነው፤ ጥምቀት አልፎ፣ እንግዳው ተሸኝቶ፣ ጎንደር ወደ ራሷ ኑሮ በተመለሰችበት ሰሞን። የእህቴ ልጅ በአንድ ትልቅ ተቋም ጥገና ክፍል ይሠራል፤ የተቋሙን ስም እዚህ አላነሳም። ወጥ ቤታቸው በቀን ሦስት ጊዜ ለብዙ መቶ ሰው ያበስላል። «ጋሼ፣ እርስዎ አሜሪካ የስቲም፣ የእንፋሎት ሰው አልነበሩም? አንዲት ድስት አስቸግራናለች፤ እባክዎ አንድ ቀን መጥተው ይዩልን» ብሎ ለምኖኝ ነው የሄድኩት።

ደጁ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ያንን ድምፅ አሥራ አንድ ዓመት ሌሊት ሌሊት ስሰማው ኖሬያለሁ። ኒውዮርክ ውስጥ፣ ብሮንክስ በሚባለው ክፍል፣ የአንድ ባለ ስድስት ፎቅ አሮጌ የኪራይ ሕንፃ ጠባቂና ጠጋኝ ነበርኩ። ወደ አገሬ ስመለስ ከዚያ ሕንፃ የተለያየሁ መስሎኝ ነበር። አዘዞ ቤቴን አድሼ፣ ጓሮዬ ጌሾና ጎመን ተክዬ ተቀምጫለሁ። ድምፁ ግን እዚሁ ከተማዬ ውስጥ ከምስር ወጥ ሽታ ጋር ቆየኝ።

ስድስት ድስቶች ግድግዳ ተጠግተው ተደርድረዋል። ባለ ሁለት ግድግዳ ናቸው፤ ወጡ ውስጠኛው ላይ ይሠራል፣ እንፋሎቱ በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል ይገባል። ውሃውን አፍልቶ እንፋሎቱን የሚልከው ቦይለር ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነው፣ በናፍታ ይሠራል። ለቦይለሩ የቀረበችው የመጀመሪያዋ ድስት ቶሎ ትፈላለች። የመጨረሻዋን ወጥ ሠሪዎቹ «ሰነፏ» ይሏታል። «እሷ ላይ ሽሮ ከጣድን ምሳው ለእራት ነው የሚደርሰው» አሉኝ ዋናዋ ወጥ ሠሪ። ለዕቃ ማጠቢያ ውሃ ብቻ ነው የሚጠቀሙባት። እስከዚያ ቀን የነበራቸው መድኃኒት አንድ ነው፦ ግፊት መጨመር። ሰነፏ አልሞቅ ስትል የቦይለሩ ሠራተኛ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ ናፍታው ይነዳል፣ የመጀመሪያዋ ድስት ሥሯ ያርራል፣ ቧንቧው ይደበድባል፣ ሰነፏም እንደ ሰነፈች ትውላለች።

እኔም ይህንኑ አድርጌያለሁ፤ ያውም ሰው እየበረደው።

ያ የብሮንክስ ሕንፃ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ነው። ምድር ቤት አንድ ቦይለር አለ። ከቦይለሩ የሚወጣው ወፍራም ቧንቧ ጣሪያው ሥር ሕንፃውን ይዞራል፤ ከእሱ ቀጫጭኖቹ ወደ ፎቆቹ ይወጣሉ፤ በየክፍሉ መስኮት ሥር ቤቱን የሚያሞቅ የብረት ራዲያተር ተቀምጧል። አንዱን ራዲያተር ከቧንቧው የሚያገናኘው አንድ መግቢያ ብቻ ነው። እንፋሎቱ በዚያው ይገባል፣ ሙቀቱን ለክፍሉ ሰጥቶ ውሃ የሆነው ደግሞ በዚያው ቧንቧ ሥር ሥሩን ወደ ቦይለሩ ይወርዳል። የሚገፋ ሞተር የለም፤ ዘዴው ሁሉ የቧንቧው ዘቅዘቅ ማለት ነው። በራዲያተሩ ሌላ ጫፍ ላይ አውራ ጣት የምታክል የአየር ማስወጫ አለች። አየር ሲመጣባት ታስወጣለች፣ እንፋሎት ሲነካት ትዘጋለች። እንዲህ ያለ ሥርዓት ኒውዮርክ ውስጥ ብርቅ አይደለም። ማንሃተን ላይማ እንፋሎት ከመንገድ ሥር በቧንቧ እየሄደ ለሕንፃዎች መሸጥ የጀመረው በ1882 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከአድዋ ድል 14 ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። የእኛ ሕንፃ ግን የራሱ ቦይለር ነበረው።

የከተማው ሕግ ግልጽ ነው። ከጥቅምት መግቢያ እስከ ግንቦት ማብቂያ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በቀን ውጭው ከ13 ዲግሪ ገደማ በታች ከወረደ የተከራዩ ቤት 20 ዲግሪ መሙላት አለበት፤ ሌሊት ደግሞ 17 ዲግሪ ገደማ። በመጀመሪያው ዓመት ስድስተኛ ፎቅ ጥግ ላይ ይኖሩ የነበሩ አንዲት የፖርቶ ሪኮ አሮጊት በየማለዳው ይደውሉልኝ ነበር። ስወጣ ኮታቸውን እንደ ለበሱ፣ ብርድ ልብስ ደርበው፣ የጋዝ ምድጃቸውን አፍ ከፍተው አጠገቡ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። አንደኛ ፎቅ ስወርድ ደግሞ ያለው ወጣት በጥር በረዶ መስኮቱን በሰፊው ከፍቶ፣ በካናቴራ ቁጭ ብሏል። አንድ ሕንፃ፣ አንድ ቦይለር፣ አንድ ሰዓት።

የሕንፃው ባለቤት በስልክ «ግፊቱን ጨምርበት» አለኝ። ጨመርኩ። አሮጊቷ ቤት ምንም አልተለወጠም፣ ሌሊት ሌሊት ቧንቧው መደብደብ ጀመረ፣ የነዳጅ መኪናው እየተመላለሰ ይመጣ ጀመር። ያን ጊዜ ያልገባኝን አሁን በቁጥር ልናገረው እችላለሁ። ግፊቱን ከ2 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ወደ 10 ከፍ ብታደርገው የእንፋሎቱ ሙቀት ከ104 ዲግሪ ወደ 115 ነው የሚሄደው። ግፊቱን የሚያሳየው ጌጅ አምስት እጥፍ ዘለለ፣ ራዲያተሩ ያተረፈው ግን 11 ዲግሪ ብቻ ነው፤ እሱም እንፋሎቱ ከደረሰለት። በዚያ ላይ ግፊቱ ሲበዛ ብዙዎቹ የአየር ማስወጫዎች እንደ ተዘጉ ይቀራሉ፤ ዋናውን ሥራ ራሱ ያፍነዋል።

የእንፋሎት ጉልበት ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ኪሎ ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ለማድረስ 335 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይበቃል። ያው ውሃ ፈልቶ፣ ቴርሞሜትሩ ከ100 ንቅንቅ ሳይል፣ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 2,257 ኪሎ ጁል ይጠጣል፤ ወደ ሰባት እጥፍ የሚጠጋ። ያ ሁሉ ተደብቆ ይጓዝና እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ብረት ነክቶ መልሶ ውሃ ሲሆን ይለቀቃል። አሮጊቷን የሚያሞቃቸው እንፋሎቱ ከፎቃቸው ደርሶ እዚያ ውሃ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ስንት እሳት አለ አይደለም፤ ጥያቄው መንገዱ ላይ ምን ቆሟል ነው።

መልሱን ያገኘሁት በእጄ ነው። አንድ ሌሊት፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ቦይለሩ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ አስነሳሁትና መዳፌን ዋናው ቧንቧ ላይ አድርጌ ከእንፋሎቱ ጋር መራመድ ጀመርኩ። ይህን ለማንም ቦይለር ለሚጠብቅ ወጣት እመክራለሁ። እንፋሎት ሲመጣ ጠርዝ አለው፤ እዚህ ያቃጥላል፣ አንድ ክንድ ወደ ፊት በረዶ ነው። ያንን ጠርዝ እየተከተልኩ ሄድኩ። በጣም ይዘገይ ነበር። ገና ግማሽ ሳይሄድ ወደ አንደኛ ፎቅ የሚወጡት ቧንቧዎች ሁሉ ሞቀዋል። መጨረሻው ጥግ፣ አሮጊቷ ቤት የሚወጣው ቧንቧ ሥር የደረሰው ከ26 ደቂቃ በኋላ ነው። እዚያ ላይ ቀና ብዬ ሳይ አንዲት ዝገት የበላት፣ ከጣሪያው ጋር ነጭ ቀለም የተቀባች የአየር ማስወጫ አለች። የቀባት ሰው ቀዳዳዋን ደፍኖታል። በየሌሊቱ ያ ረጅም ቧንቧ የሚሞላው በአየር ነው። እንፋሎት ደግሞ አየር ባለበት አይገባም፤ አየሩ መውጫ ማግኘት አለበት። መውጫ ያጣው አየር በየቤቱ ራዲያተር በኩል በትንንሾቹ ቀዳዳዎች ተጋፍቶ እስኪወጣ የቅርቦቹ ቤቶች ይነዳሉ፣ የመጨረሻዋ አሮጊት ይጠብቃሉ።

አሮጌዋን ፈትቼ ሰፋ ያሉ ሁለት አዳዲስ ማስወጫዎች አስገባሁ። በማግስቱ ሌሊት እንደገና በእጄ ተከተልኩት። 7 ደቂቃ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ በዝርዝር ብጽፈው ብዙ ነው። የተራቆቱትን ቧንቧዎች መሸፈን አንዱ ነው፤ የድሮው ሽፋን አስቤስቶስ ስለነበረበት ተገፎ ተወስዶ ምትክ ሳይደረግለት የቀረ ሕንፃ ብዙ ነው፣ እንፋሎቱም ፎቅ ሳይደርስ ምድር ቤቱን ሲያሞቅ ይከርማል። በአንደኛ ፎቅ ራዲያተሮች ላይ ቀስ ብለው አየር የሚለቁ ማስወጫዎች፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ቶሎ የሚለቁ አደረግሁ። ወደ ኋላ የዘመሙትን ራዲያተሮች ውሃው ወደ መግቢያው እንዲወርድ ከሥራቸው ጣውላ እየሸጎጥኩ አቃናሁ። ግፊቱን ከ2 ፒኤስአይ በታች መለስኩት። በየቤቱ እያንኳኳሁም አንድ ነገር ለመንኩ፦ የራዲያተሩን መክፈቻ ወይ ጨርሶ ክፈቱ ወይ ጨርሶ ዝጉ፣ ግማሽ አታድርጉት። በአንድ መግቢያ የሚሠራ ራዲያተር በግማሽ ሲዘጋ እንፋሎቱ እየገባ ውሃው መውጫ ያጣል፤ የሌሊቱ ድብደባ ከዚያ ይመጣል።

በጣም ለሚሞቃቸው ቤቶች ሌላ ዘዴ አለ። በራዲያተሩና በአየር ማስወጫዋ መካከል የክፍሉን ሙቀት የምታውቅ ትንሽ ቫልቭ ትገባለች። ክፍሉ የተፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርስ የአየሩን መውጫ ትዘጋለች። እንፋሎቱን በኃይል የሚከለክል ነገር የለም፤ አየሩ ካልወጣ እሱ ራሱ አይገባም። ይህ ዘዴ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ትልቁ ጣጣ ግን ቁጥጥሩ ነበር። ሕንፃው የነበረው አሮጌ መቆጣጠሪያ ውጭ ያለውን ብርድ ለክቶ በሰዓት ይህን ያህል ደቂቃ ቦይለሩን የሚያነድ ነው። ውጭው ሲበርድ ደቂቃው ይረዝማል። ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ነገር ግን መቁጠር የሚጀምረው እሳቱ ከተነሣበት ቅጽበት ነው። ማለዳ ቧንቧው ሁሉ ቀዝቅዞ ሲነሣ የተሰጠው ደቂቃ እንፋሎቱ ገና መንገድ ላይ ሳለ ያልቃል፤ ከሰዓት በኋላ ቧንቧው ሞቆ ሳለ ደግሞ ያው ደቂቃ ሕንፃውን ያፈላዋል። ሁለት የተለያየ ነገር በአንድ ልክ ይሰፍራል።

ይህ ነገር የገባኝ ብሮንክስ ውስጥ አይደለም። ለእረፍት መጥቼ እህቴ ጓሮ፣ ማድ ቤቷ በር ላይ በርጩማ ስቤ ተቀምጬ ሳለ ነው። እህቴ እንጀራ ትጋግራለች። ሊጡን አዙራ ታፈሳለች፣ ዓይኑ እስኪወጣ ጠብቃ አክንባሎውን ትከድናለች፣ ከዚያ ከእኔ ጋር ወሬዋን ትቀጥላለች። ሰዓት አታይም። የመጀመሪያው እንጀራ ይዘገያል፣ ምጣዱ ገና አልጋለምና። አሥረኛው ላይ ሲደርስ ፈጣን ነው። ለሁሉም የምትከፍተው ግን በአንድ ምልክት ነው፤ በአክንባሎው ዙሪያ እንፋሎቱ ሲወጣ ስታይ። እንፋሎቱ ጠርዝ ላይ ደረሰ ማለት መሃሉም ጠርዙም በስሏል ማለት ነው። እሷ የምትቆጥረው እሳቱ ከተነሣበት አይደለም፤ እንፋሎቱ መጨረሻው ቦታ ከደረሰበት ነው።

ተመልሼ ስሄድ የሕንፃውን ባለቤት ለምኜ መቆጣጠሪያውን አስለወጥኩ። አዲሱ የሚሠራው ልክ እንደ እህቴ ነው። ከሁሉ ርቆ ያለው ቧንቧ ጫፍ ላይ ሙቀት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ይታሰራል፤ እንፋሎቱ እዚያ መድረሱን እስኪነግረው ድረስ ደቂቃ አይቆጥርም። ከደረሰ በኋላ ነው ውጭው ብርድ የሚፈቅደውን ያህል የሚያቆየው። ቀጥሎ በተለያዩ ፎቆች በአሥር ቤቶች ውስጥ ሙቀት ለኪዎች ሰቀልን፣ መቆጣጠሪያውም አማካዩን እያየ ይወስናል። አንዱ ሰው መስኮት ቢከፍት ብቻውን ሕንፃውን አያሳብድም። ለኪው የት እንደሚሰቀል ግን ሰው ማሰብ አለበት፤ መስኮት ወይም ምድጃ አጠገብ ከሰቀልከው የሚነግርህ ስለ ቤቱ አይደለም።

በሚቀጥለው ዓመት የነዳጅ መኪናው የሚመጣበት ቀን እየተራራቀ ሄደ። አሮጊቷ ደውለው «ዛሬ ኮቴን አውልቄ ቁርሴን በላሁ» አሉኝ። ያንን ስልክ እስካሁን አስታውሰዋለሁ።

የመስኮቱን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም፣ ምክንያቱም ከእኛ ታሪክ ጋር ይገናኛል። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ሕንፃዎች ቦይለራቸውና ራዲያተራቸው ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ነው። አንዱ ምክንያት በ1918 (እ.ኤ.አ.) ዓለምን የመታው ወረርሽኝ ነው። ሐኪሞቹ ንጹሕ አየር ይግባ፣ መስኮት ይከፈት ይሉ ስለነበር በከባድ ብርድ መስኮቱ ተከፍቶም ቤቱ እንዲሞቅ ተብሎ ነው የተሰላው። እኛ ያንን በሽታ የኅዳር በሽታ እንለዋለን፤ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አገራችንን ፈጀ። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ተሰብስቦ ይታጠናል። እዚያ ትልልቅ ቦይለር ትቶ ሄደ፣ እዚህ ጭስ። አንደኛ ፎቅ ያለው ወጣት በካናቴራ ተቀምጦ መስኮት መክፈቱ፣ መነሻው የአያቶቹ ዘመን ሞት ነው።

ወደ ሰነፏ ድስት ልመለስ።

ካቻቢቴ አውጥቼ ጫፉን ከድስቷ ሥር ያለው ስቲም ትራፕ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ስቲም ትራፕ ውሃውን አሳልፎ እንፋሎቱን የሚያቆይ በረኛ ነው፤ ደህና ከሆነ ሲከፍትና ሲዘጋ ይሰማል። የአምስቱ ድስቶች ይሰማሉ፤ አንዱማ ከፍቶ ቀርቷል፣ እንፋሎቱን ያለማቋረጥ ያፈሳል። የሰነፏ ጭልጥ ያለ ዝምታ ነው። ቧንቧውን በእጄ ስነካው ለብ ብሏል። በዝገት ተጣብቆ ተዘግቷል ማለት ነው። ውሃ የሆነው እንፋሎት መውጫ አጥቶ በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል ተኝቷል፣ ከላይ ደግሞ አየሩ ታምቋል። እንፋሎቱ በየት ይግባ? ወደ እሷ የሚሄደው ቧንቧም አንድ ማንጠልጠያው ወድቆ መሃሉ ላይ ረግቧል። ውሃ ልኩን ሳስቀምጥበት አረፋው ወደ ጥግ ሮጠ። እዚያ የረገበው ቦታ ኩሬ ይሠራል፤ እንፋሎቱ በፍጥነት ሲያልፍ ውሃውን አፍሶ ይዞት ይሄድና መታጠፊያው ላይ ያላትመዋል። ደጅ ሆኜ የሰማሁት ድው ድው ይኸው ነው። ሲቆይ መጋጠሚያ ይሰብራል፣ አጠገቡ የቆመውን ሰው ያቃጥላል።

የእህቴ ልጅ ሲጽፍ ቆይቶ «ታዲያ ጋሼ፣ ግፊት ስንጨምር ጭራሽ እያባስነው ነበር ማለት ነው?» አለኝ። «አዎ ልጄ» አልኩት። ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን የራሴን ጊዜ አስታወሰኝ።

ማንጠልጠያውን በዚያው ሳምንት መለስነው፣ ቧንቧውንም ዘቅዘቅ አደረግነው። ትራፖቹ ግን ጎንደር ገበያ አልተገኙም፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እስኪላኩ ሁለት ሳምንት ጠበቅን። እስከዚያ በሰነፏ ውጨኛ ግድግዳ ላይኛው ጎን በእጅ የምትከፈት ትንሽ የአየር መክፈቻ ገጠምንላት። የቦይለሩ ሠራተኛም ግፊቱን ወደ ተሠራበት ልክ መለሰው። ይህን ለማድረግ ብዙ አመነታ፤ ወጥ ካልደረሰ የሚጠየቀው እሱ ነውና አልፈረድኩበትም።

አየር የሚሉት ነገር ከወጥም በላይ የሚያሰጋበት ቦታ አለ። የልጁ ጓደኛ በአንድ ጤና ተቋም የሕክምና ዕቃ ማፍያ ክፍል ትሠራለች፤ ያን ሰሞን እሷም መጥታ ስለ አውቶክሌቭ፣ የሕክምና ዕቃ በታመቀ እንፋሎት ስለሚፈላበት መሣሪያ ጠየቀችኝ። የነገርኳትን እዚህም እደግመዋለሁ። በመመሪያ መጽሐፉ ላይ 121 ዲግሪ ለመድረስ 15 ፒኤስአይ የሚለው ለባሕር ወለል ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩ ሳስቷል፣ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ጌጅ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ እዚህ 15 ላይ ሲቆም ውስጡ ያለው እንፋሎት 117 ዲግሪ ገደማ ነው። 121 ለመድረስ 18 ተኩል ገደማ ያስፈልጋል፤ ዕቃው ያንን እንዲሸከም መሠራቱን ግን መጀመሪያ ማረጋገጥ ግድ ነው። ውስጡ የቀረ አየር ካለ ደግሞ ጌጁ የተባለውን ቢያሳይም ሙቀቱ አይደርስም፤ ጌጁ የአየሩንም የእንፋሎቱንም ግፊት ደምሮ ነው የሚናገረው። ስለዚህ መጀመሪያ አየሩ በደንብ ይውጣ፣ ከዚያ ይዘጋ፣ ቴርሞሜትሩም ይታመን። የቀዶ ሕክምና መቀስ የሚገባበት ዕቃ ነው።

ከዚያ ቀን ሥራ ስንመለስ ከልጁ ጋር በፋሲል ግቢ በኩል አለፍን። ግቢው ውስጥ ወሸባ የሚባለው አሮጌ የእንፋሎት መታጠቢያ ፍራሽ አለ። ልጁ ከልጅነቱ ጀምሮ ስንት ጊዜ ገብቶ አይቶታል፣ ግን የእሳቱን ቦታና ጣሪያው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች እንደ ሥራ አላያቸውም ነበር። ገብተን አንገታችንን አቅንተን ቆምን። «እነዚህም አየር ማስወጫ ናቸው?» አለኝ። ወሸባን የሠራ ግንበኛ እሳቱን ከሥር ሲያዘጋጅ መውጫውንም ከላይ አስቦታል። ልጁ በስልኩ ፎቶ አነሣ።

ትራፖቹ የመጡ ዕለት በጠዋት ሄድኩ። ዋናዋ ወጥ ሠሪ የሰነፏን የአየር መክፈቻ ራሳቸው ይክፈቱ አልኩ፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚሠሩት እሳቸው ናቸውና። መጀመሪያ ቀዝቃዛ አየር ወጣ፣ እጃቸውን አቅርበው «ይሄ እኮ ንፋስ ነው» አሉ። ከዚያ ውሃ ተፋ፣ ከዚያ ነጩ እንፋሎት መጣ። መቼ እንደሚዘጉ ልነግራቸው ስል ዘግተውታል። አላስተማርኳቸውም፤ አክንባሎ ሲከፍቱ የኖሩ ሴት ናቸው። ሃያ ሊትር ውሃ አስገብተን ነበር፣ ቡናው ሳይጠጣ ፈላ። ቧንቧውም ዝም አለ። ሴቶቹ እልል ሲሉ ልጁ ወደ ውጭ ወጣ፤ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት።

አንድ ያልጨረስነው ነገር አለ። ከድስቶቹ የሚወጣው የጋለ ውሃ ወደ ቦይለሩ መመለስ ሲገባው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ወደ ቦይ ይፈስሳል። የመመለሻው ቧንቧ ተበላሽቶ ተቆርጦ ቀርቷል። በእሱ ምትክ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ወደ ቦይለሩ ይገባል፤ ናፍታ ይበላል፣ በውስጡም ኖራ ይጋግራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ የአንገረብን ግድብ ውሃ እየጠበቅን በምንኖርበት አገር፣ የጋለና የጠራ ውሃ ቦይ ውስጥ ሲፈስስ ማየት ያማል። የእህቴ ልጅ ልኬቱን ወስዶ፣ የቧንቧውን ዋጋ ጽፎ ለኃላፊዎቹ አቀረበ፣ ተፈቀደለትም።

ቦዩን ልናይ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ስንዞር ግን ሦስት የጽዳት ሠራተኞች ባልዲ ይዘው ቆመው አገኘን። በዚያ ውሃ ልብስ ያጥባሉ፣ ማታ ማታ ሥራ ሲጨርሱ እግራቸውን ይታጠባሉ። በጎንደር የጥር ብርድ ሌላ የሞቀ ውሃ የላቸውም። ከመካከላቸው ሸምገል ያሉት «አባቴ፣ ይሄን ልትወስዱብን ነው አሉ?» አሉኝ። ወዲያው የምመልሰው ቃል አጣሁ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና ደብተሩን እንደገና ከፈተ።

አሁን ሥዕሉ ላይ ከመመለሻው ቧንቧ ጎን አንድ በርሜል ተጨምሯል፤ ከቀዝቃዛ ጋር ተደባልቆ የማያቃጥል ሆኖ፣ ሁለት መክፈቻ ያለው። ቦይለሩ ስንት ሊትር ቢቀርበት እንደማይጎዳ ልጁ በየማታው እየለካ ይጽፋል። ትናንት ስልክ ደውሎ ከዋናው ቧንቧ እስከ በርሜሉ ስንት ሜትር እንደሚሆንና በየሜትሩ ስንት ሴንቲሜትር ዘቅ ማለት እንዳለበት ጠየቀኝ። ቅዳሜ ውሃ ልኬን ይዤ እሄዳለሁ።